የመሐመድ አሊ ገላጋይ ማን ነበር?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ። አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ስለሰነበተ ምክራችሁን ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው፣ 11ኛ ክፍል ተማሪ። ካቻምና ቦክስ ጀመረ። የሚሠለጥኑት በኪራይ አዳራሽ ነው። የሚደበድቡት ሰጋቱራ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ነው። አሠልጣኙ ደሞዝ የለውም፣ በፍቅር ነው የሚያሠራቸው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ልጁ መንገድ ላይ መዋል ተወ፣ በጊዜ ይተኛል፣ ትምህርቱም አልወረደም።

ሰኔ 8 ቀን ልምምድ ላይ በኪሎ ከሚበልጠው ልጅ ጋር ገጥሞ አገጩን ተመታ። ወደቀ። ተነሥቶ ጨረሰ። ቤት ሲገባ አስመለሰው። እናታችን ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ ጨምቃ አጠጣችው። እኔ ደግሞ ጎበዝ፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው አልኩት። በማግሥቱ ተመልሶ ሄዶ ገጠመ። አሠልጣኙ አልከለከለውም። እኔም አልከለከልኩትም።

በዚያው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ስልኩ ላይ የመሐመድ አሊን ቪዲዮ አሳየኝ። እ.ኤ.አ. 1996፣ አትላንታ። እኛ ያንን ኦሎምፒክ የምናስታውሰው በኃይሌ ገብረ ሥላሴና በፋጡማ ሮባ ወርቅ ነው። በመክፈቻው ዕለት እሳቱን የለኮሰው ግን አሊ ነበር። እጁ ይርገፈገፋል። ያ ሰው በ1974 ኪንሻሳ ላይ የቦክስ ሻምፒዮኑን ጆርጅ ፎርማንን በ8ኛው ዙር የዘረረ ሰው ነው። ፓርኪንሰን የሚባለው የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል በሽታ እንዳለበት በ1984 ሲነገረው ገና 42 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ 32 ዓመት ከበሽታው ጋር ኖሮ በ2016 ዐረፈ። ማሽኑን አስቀምጬ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየሁት።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። አሊን እንዲህ ያደረገው ቦክስ ነው? ከሆነ ወንድሜን ላስቆመው ወይ? ደግሞስ ያን የሚያህል ሰው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ከቦት እያለ፣ በቃህ ብሎ የሚገላግለው አንድ ሰው እንዴት አጣ?

*

ይህን ከለጠፍኩ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። 31 መልስ መጣ። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ፣ በቁጥሩ እየጠራሁ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። የውጪው ታሪክ ቀንና ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

1ኛው መልስ ከባሕር ዳር መጣ። ሰውየው ጨዋ ነው። ለእናታችንም ለወንድሜም ጤና ተመኘ። እሱን ራሱን ከሱስ ያወጣው ስፖርት እንደሆነ ነገረኝ። ልጁን አትከልክለው፣ ግን አጠገቡ ሁን የሚል ምክር ነው።

2ኛው ከዳንግላ ነው፣ አጭርና ኮምጣጣ። ቡጢ የዱርዬ ሥራ ነው፣ ልጁን ቶሎ ወደ ደብተሩ መልሰው ብሎ ሄደ።

3ኛውን ያነበብኩት ቆሜ ነው። የጻፈችው ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። አሊን ለጊዜው ተወውና ስለ ወንድምህ እናውራ ብላ ጀመረች። ጭንቅላቱን ተመትቶ ያስመለሰ ልጅ ምች አልመታውም። አንጎሉ ተናውጧል። አንጎል ራስ ቅል ውስጥ ፈሳሽ ላይ ተንሳፍፎ የሚኖር ለስላሳ ነገር ነው። አገጭ ሲመታ ራስ በድንገት ይዞራል፣ አንጎልም ውስጥ ውስጡን ይናጣል። ወተት በቅል ሲናጥ አስበው አለችኝ። ከውጭ ቅሉ ደህና ነው፣ ውስጡ ግን እንደነበረ አይደለም። ስለዚህ ቁስል ስላላየህ ደህና ነው አትበል። ከሁሉ የሚያስፈራው ያ ሳይድን ሁለተኛ ምት ማግኘቱ ነው፣ በተለይ ልጅ ላይ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ወይም እንቅልፍ ጥሎት አልነቃ ካለ፣ ነገ የሚባል ነገር የለም፣ በዚያችው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ሲያነብ ራሱን ያመዋል ወይ?

4ኛው የእኔ ነው። ወንድሜን ጠርቼ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ካደ። ኋላ አንገቱን ደፋ። የዓመቱን ፈተና ሲፈተን ፊደሉ እየዋለለ አስቸግሮት እንደነበረ፣ ማታ ማታ ራሱን እንደሚያመው፣ ብናገር ቦክሱን ታስተዉኛላችሁ ብሎ እንደደበቀን ነገረኝ። በነጋታው ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። እግዚአብሔር ይመስገን የሚደማ ነገር አልተገኘም። እረፍት ታዘዘለት። ይህንን ጽፌ ነርሷን አመሰገንኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጻፍኩት።

5ኛው መልስ የሞጣ ጡረተኛ መምህር ናቸው። እሳቸው ነገሩን ወደ ሮም ወሰዱት። አሊ ያኔ ካሲየስ ክሌይ ይባል ነበር፣ የ18 ዓመት ልጅ ነው። የኦሎምፒክ ወርቁን ያገኘው መስከረም 5፣ 1960 ሮም ላይ ነው። በ5ኛው ቀን፣ በዚያው ከተማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 5፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። መምህሩ ሁለቱን አስተያዩአቸው። አበበ በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ግን እንግሊዝ አገር ሄዶ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። አሊም ሰውነቱ ሲከዳው ቤቱ አልተደበቀም። ስፖርተኛ ሁለት ሕይወት አለው ነው ነገራቸው፣ እኛ የምናጨበጭበው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ይህ አባባላቸው ውይይቱን እስከ መጨረሻው ሲከተለው አየሁ።

6ኛው አሊ ያንን የሮም ወርቅ ዘረኝነት አስመርሮት ወንዝ ውስጥ ወረወረው ሲል፣ 7ኛው ቶሎ መጥቶ አረመው። የወንዙ ታሪክ ራሱ ያከራክራል፣ ጠፍቶበት ነው የሚሉም አሉ። የተረጋገጠው በ1996 አትላንታ ላይ ምትክ ሜዳሊያ እንደተሰጠው ነው።

8ኛው የቢቸና ሽማግሌ ናቸው። ስልኩን ልጃቸው ይዞላቸው ነው ያጻፉት። 2ኛውን መልስ የሰጠውን ሰው በስሱ ገሠጹት። ጎጃም መቼ ነው ጉልበት መፈተሽን የናቀው ነው ያሉት። በልጅነታቸው ለቡሄ የቃጫ ጅራፍ ገምደው ከማዶ መንደር ልጆች ጋር ይገራረፉ ነበር። ሰርግ ላይ ትግል ይገጥሙ ነበር። ግን ሁልጊዜ ዳር ላይ የቆመ አንድ ትልቅ ሰው ነበር። ፊት የመታ ይወገዛል። አንዱ ከደከመ ያ ሰው ዱላውን መሐል ያስገባል፣ ጨዋታው አለቀ። ተሸናፊውም አያፍርም፣ ምክንያቱም የገላገለው ሌላ ነው። እሳቸው ስለ ፈረንጅ ቦክስ ምንም አያውቁም። አንድ ጥያቄ ብቻ አላቸው፦ እዚያስ ይህ ሰው አለ ወይ?

ለሽማግሌው የመለሰላቸው 9ኛው ነው። አዲስ አበባ የሚኖር፣ ወጣት ሳለ ቦክስ የሠራ ሰው ነው። ከ31ዱ መልስ ለኔ ዋናው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አለ ብሎ ጀመረ፣ የቦክስ መድረኩ ማዕዘን ላይ ፎጣ ይዞ የቆመው ሰው ነው። አሠልጣኙ ፎጣውን ከወረወረ ዳኛው ያቆማል። ምሳሌ አድርጎ ያመጣው ኤዲ ፈችን ነው፣ የአሊ ባላንጣ የነበረውን የጆ ፍሬዘርን አሠልጣኝ። ፍሬዘር የገበሬ ልጅ ነበር። በልጅነቱ ዐሳማ አባሮት ወድቆ ግራ ክንዱ ተጎዳ። ለሐኪም የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረ ክንዱ በራሱ ጊዜ ጠመም ብሎ ዳነ፣ ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋም። ብዙ ሰው ያነጠፈበት የግራ ቡጢ ከዚያው ጠማማ ክንድ ነው የወጣው። በተጨማሪ ግራ ዓይኑ በደንብ አያይም ነበር።

ጥቅምት 1፣ 1975 ፊሊፒንስ ላይ ፍሬዘርና አሊ ለሦስተኛ ጊዜ ገጠሙ። ቀኑ ሐሩር ነው። 14 ዙር ተደባደቡ። የፍሬዘር ደህነኛዋ ቀኝ ዓይን አብጣ ተዘጋች። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ቡጢ አያይም። የቀረው አንድ ዙር፣ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ፍሬዘር ልግባ ብሎ ለመነ። ፈች በቃ አለ። አሸናፊው አሊ ነበር፣ እሱም ከወንበሩ ተነሥቶ ትንሽ ቆየና እዚያው ወደቀ። ኋላ ላይ ያንን ቀን ወደ ሞት በጣም የቀረበበት ቀን አድርጎ ነው ያነሣው። ፍሬዘር ከዚያ በኋላ ልጆቹን አሳደገ፣ ከባንድ ጋር ዘፈነ፣ ፊላደልፊያ ላይ ወጣት አሠለጠነ። የሞተው በ2011 በጉበት ካንሰር ነው።

አሊስ? ሐኪሙ ፈርዲ ፓቼኮ ነበር። በ1977 ከኧርኒ ሼቨርስ ጋር 15 ዙር ከተደባደበ በኋላ የኩላሊቱ ምርመራ ጥሩ አልነበረም። ፓቼኮ ውጤቱን ለአሊ፣ ለሚስቱና ለቅርብ ሰዎቹ ላከ። መልስ የሰጠው አልነበረም። ትቶ ወጣ። አሊ ግን ቀጠለ። ጥቅምት 1980፣ በ38 ዓመቱ፣ ከላሪ ሆምስ ጋር ገጠመ። ሆምስ ድሮ የልምምድ ጓደኛው የነበረ ልጅ ነው። እየመታው ዳኛውን አስቁም እያለ በዓይኑ ይለምን ነበር። ከ10ኛው ዙር በኋላ አሠልጣኙ አንጀሎ ዳንዲ አስቆመው። ሆምስ መልበሻ ክፍል ሄዶ አለቀሰ። ያም አልበቃ ብሎ በታኅሣሥ 1981 ባሃማስ ላይ አንድ ጊዜ ገጥሞ ተሸነፈ። ጥያቄህ መልስ አለው አለኝ ሰውየው፣ ገላጋይ ነበረው፣ የገላጋዩን ቃል የሚሰማ ነው የጠፋው።

ይህን ሳነብ ሰኔ 8 ማታ ትዝ አለኝ። ወንድሜ አስመልሶ ግንባሩን ይዞ ተቀምጧል፣ እኔ ጎበዝ እለዋለሁ።

10ኛው በቁጣ መጣ። ተረት አታሳምሩ፣ ነገሩ ገንዘብ ነው አለ። አሊ ሲገባ የሚከፈለው እሱ ብቻ አይደለም፣ በዙሪያው የሚበላው ሠራዊት ነው። ከሆምስ ጋር ከመግጠሙ በፊት የታይሮይድ መድኃኒት ይወስድ እንደነበረ አስታወሰን። ሰውነቱ ሸንቀጥ ብሎ ሲታይ ሕዝቡ ወጣት ሆነ ብሎ አጨበጨበ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነበር።

11ኛው ደግሞ 10ኛውን ልኩን ሊያሳየው ተነሣ። አሊ ሕፃን አይደለም፣ ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም ብሎ ቀበቶውን የተቀማና ከሦስት ዓመት በላይ ከቦክስ የታገደ፣ ለማንም የማይንበረከክ ሰው ነው፣ ማን ያዘዋል? ሁለቱ ሦስት አራት ጊዜ ተመላለሱ። መሐል ላይ የማይጻፍ ነገር ተጻፈ፣ ያ ወርዷል። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ። እምቢ ባይነቱ ያከበረው ሰው፣ በዚያው እምቢ ባይነቱ ተጎዳ።

12ኛው እንደገና የአዲስ አበባው ሰው ነው፣ የፍሬዲ ሮችን ነገር ይዞ መጣ። ሮችም ኤዲ ፈች ያሠለጠነው ቦክሰኛ ነው። ፈች ቀድሞ አይቶት ተው፣ ይበቃሃል አለው። አልሰማም። ከአባቱ ጋር ሆኖ ቀጠለ፣ ከመጨረሻዎቹ ግጥሚያዎች አብዛኛውን ተሸንፎ በ1986 አቆመ። ኋላ ፓርኪንሰን ያዘው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው ዝነኛውን ቦክሰኛ ማኒ ፓኪያዎን ያሠለጠነው። ያው አንድ ገላጋይ ነው፣ አንዱን አስቆመ፣ ሌላው እምቢ አለው።

13ኛው ጨዋታውን ለወጠው። ከፍኖተ ሰላም የጻፈ ገበሬ ልጅ ነው። አባቱ አንድም ቀን ቡጢ ሰንዝረው አያውቁም። ጤፍና በቆሎ ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። መጀመሪያ ቀኝ እጃቸው ያለ ሥራ ሲቀመጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀጥሎ እርምጃቸው አጠረ፣ ፊታቸው ፈገግታ ከለከለ፣ ድምፃቸው ወረደ። ጎረቤት ኩርፍ አሉ ብሎ ተቀየማቸው። ለዓመታት እርጅና ነው ተባለ። የፓርኪንሰን ስም የተጠራው ሰውየው መጎረስ ሲያቅታቸው ነው። ልጁ እኔን በትሕትና አረመኝ። እጁ የተንቀጠቀጠ ሁሉ ተመትቶ ነው አትበል፣ እኛ አባታችንን ያጣነው በዚህ ዓይነት ግምት ነው። አሁንም በሕይወት አሉ፣ ግን የዋሉበትን ጊዜ ነው አጣን ያለው። ይቅርታ ጠየቅኩት።

14ኛዋ ጠበል ይግቡ አለች፣ ከልቧ ነው። 15ኛው እሸት ባቄላ ያብሉአቸው አለ፣ ፈረንጆቹ ራሳቸው ያመኑበት መድኃኒት ነው ብሎ። ብዙ ሰው ሳቀበት።

16ኛው የነርሷ መልስ ነው፣ የሳቁትን አሳፈረቻቸው። ባቄላ ውስጥ ሌቮዶፓ የሚባል ነገር አለ፣ የፓርኪንሰን ዋና መድኃኒትም ያው ሌቮዶፓ ነው። በሽታው የሚመጣው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚሠሩ ሕዋሳት ሲሞቱ ነው፣ ሌቮዶፓ የጎደለውን ዶፓሚን ይተካል። ግን ከባቄላው የሚገኘው መጠን ዛሬ ሌላ ነገ ሌላ ነው፣ ክኒን ጥሎ በባቄላ መኖር አይቻልም። ጠበሉንም ይጠመቁ፣ ክኒኑንም በሰዓቱ ይዋጡ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም አለች። ወደ አሊ ስትመለስ ጥንቃቄ አበዛች። ሐኪሞቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ገሚሱ ቡጢው ነው ሲል ገሚሱ ባይቦክስም ይይዘው ነበር ብሏል። ያልተጠራጠሩት ተደጋጋሚ ምት አንጎልን እንደሚጎዳ ነው። ማርትላንድ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1928 ቡጢ ያሰከራቸው ብሎ የጻፈው ስለነዚህ ሰዎች ነው። እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ፣ ምላሳቸው ይያዛል፣ ይረሳሉ። ዛሬ ሲቲኢ ይባላል። እስካሁን በርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞት በኋላ አንጎል ተመርምሮ ነው።

17ኛው ፀረ-አረም ሲረጩ አፍና አፍንጫቸውን ስለማይሸፍኑ ገበሬዎቻችን ጻፈ። አንዳንድ የእርሻ መርዞች ከፓርኪንሰን ጋር እንደሚያያዙ እውነት ነው። ራሱን የቻለ ውይይት ይገባዋል፣ አንድ ሰው ቢከፍተው ደስ ይለኛል።

ከ18 እስከ 22 እርግብ ነው! አንድ የእንጅባራ ልጅ ማይክ ታይሰን እርግብ አርቢ መሆኑን አነሣ። ታይሰን በልጅነቱ ብሩክሊን ውስጥ መጀመሪያ የተደባደበው አንድ ጎረምሳ እርግቡን ስለገደለበት ነው። አርጅቶም አልተዋቸውም። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው። አንዱ የቆርቆሮ ሳጥን እንዴት እንደሚሠራ፣ ሌላው ጭልፊት እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ሌላው አዲስ የተገዛ እርግብ ወደ ድሮ ቤቱ እንዳይመለስ ምን እንደሚደረግ። በ23ኛው ላይ እኔ ገብቼ ወደ ጉዳያችን መለስኳቸው። ብዙም አልከፋኝም። ያ ሁሉ ሰው የሚፈራው ጉልበተኛ የወፍ ጥሬ ሲበትን ማሰብ ደስ ይላል።

24ኛው የሞጣው መምህር ናቸው። ስለ ሁለተኛው ሕይወት ያሉትን ሊሞሉ ተመለሱ። አሊ ምትሃት ይወድ ነበር። ሻሽ በጡጫው ውስጥ ያጠፋል፣ ከመሬት ከፍ ያለ አስመስሎ ይቆማል። ከዚያ ቁጭ ብሎ እንዴት እንደሠራው ያሳያል፣ ሰው ማታለል በእምነቱ ነውር ስለሆነ። እጁ እየተንቀጠቀጠም ይህን አልተወም። በ1990 ደግሞ ባግዳድ ሄዶ ከሳዳም ሁሴን ጋር ተነጋገረና 15 አሜሪካውያን ታጋቾችን ይዞ ተመለሰ። በሽታው ከያዘው 6 ዓመት አልፎታል፣ ድምፁ ሰልሏል። ገላጋይ አልሰማ ያለው ሰው ለሌሎች ገላጋይ ሆነ አሉ መምህሩ። እዚህ ላይ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አልደብቅም።

25ኛዋ የቡሬ እናት ናቸው። እኔን ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። እናትህን ጠይቀሃታል ወይ አሉኝ። ይህን ሁሉ ሕዝብ ስትጠይቅ እሷን አልጠየቅሃትም። 26ኛው ተቀብሎ የክሊችኮ ወንድማማቾችን አነሣ። ሁለቱም የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነበሩ፣ ሁለቱም ዶክትሬት አላቸው፣ ትልቁ ቪታሊ ከ2014 ጀምሮ የኪየቭ ከንቲባ ነው። እርስ በርስ ላይገጥሙ ለእናታቸው ቃል ገቡ፣ ስንት ገንዘብ ቢቀርብላቸው ቃላቸውን አላጠፉም።

27ኛው እኔን ነው የመታኝ። ማን እንደሆነ አላውቅም። ስለ አሊ ገላጋይ ታለቅሳለህ፣ ልጁ ሲያስመልሰው የት ነበርክ አለኝ። በማግሥቱ ሲሄድ በር ላይ ለምን አልቆምክም? አሠልጣኙን ለምን አላናገርከውም? ሁለት ሰዎች ሊከላከሉልኝ ሞከሩ። አያስፈልግም፣ የተናገረው እውነት ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

28ኛው ባሕር ዳር የሚሠለጥን የ19 ዓመት ቦክሰኛ ነው። ተከፍቷል። ስለ እኛ እንደ በሽተኛ አታውሩ ይላል። እሱ ድሃ ነው፣ አባት የለውም፣ ቡጢ የሰጠውን ክብር ሌላ ቦታ አላገኘውም። የራስ መከላከያ ካደረግን ምን እንሆናለን ብሎም ጠየቀ። ይህን ልጅ ወደድኩት።

29ኛው ላይ ነርሷ እንደ ታላቅ እህት መለሰችለት። የራስ መከላከያ ቅንድብ እንዳይተረተር ይረዳል። አንጎል ውስጥ እንዳይናጥ ግን አያስቆምም። የወንዶች ኦሎምፒክ ቦክስ ላይ በ2016 ሪዮ የቀረውም ያን ያህል ስለማይጠቅም ነው። ክብደት ለመቀነስ ውሃ እየከለከላችሁ አትድረቁ፣ ደርቆ መመታት ይብሳል። ተመትቶ የወደቀ ልጅ ቢያንስ አንድ ወር ጭንቅላቱ አይነካ፣ ሐኪምም ሳያየው አይግጠም። ጆንያ መምታት፣ ገመድ መዝለል፣ እግር ሥራ ግን ጭንቅላትን አይመታም። እንዲያውም በ2006 አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ለፓርኪንሰን ሕሙማን የተከፈተ የቦክስ ልምምድ አለ። ማንም ማንንም አይመታም። ጆንያ ይመታሉ፣ ይዘላሉ፣ ሚዛናቸውን ይጠብቃሉ፣ ለብዙዎቹም ጠቅሟቸዋል። የፍኖተ ሰላሙ ልጅ አባቱ እንዴት እንደሚለማመዱ ጠየቃት፣ አሁን በግል እየተነጋገሩ ነው።

30ኛው የእኔ ነው። እናታችንን ጠየቅኳት። ከጀመረ ወዲህ አንድ ቀን ደህና አልተኛሁም አለች፣ ግን ሲደሰት ስለማየው ዝም አልኩ። ወንድሜ ቦክሱን አልተወም። አያ፣ የምትለውን እሰማለሁ፣ ብቻ አታስቁመኝ ብሎ ለምኖኛል። የመጨረሻ ራስ ምታቱ ሰኔ 24 ቀን ነበር። ሐኪሙ ደግሞ እስኪያየው ድረስ፣ ቢያንስ እስከ ሐምሌ 24፣ ጆንያና ገመድ ብቻ ነው። ቀኑን ፀጉር ቤቴ ግድግዳ ላይ ከዋጋ ዝርዝሩ ጎን ጽፌዋለሁ። ደንበኛ ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል፣ እነግረዋለሁ።

አሠልጣኙንም አነጋገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝ። አንድ ሰው ስለሆንኩ ሁሉን ማየት አልቻልኩም አለኝ፣ ለሃያ ልጅ አንድ ሰው። ኪሎአቸው የማይመጣጠን ልጆችን ከእንግዲህ እንደማያጋጥም ነገረኝ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ዳር ላይ ልቆም ተስማማን።

31ኛው የቢቸናው ሽማግሌ ናቸው። ዱላ ይዘህ ነው የምትቆመው ወይ ብለው አጻፉ። አይ አባባ፣ እዚያ ፎጣ ነው አልኳቸው። ከፀጉር ቤቱ ነጩን ይዤ እሄዳለሁ።